ሁለት ያረጁ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኬብል ማገናኘት (ዊንዶውስ 7)

ቤታችሁ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ? ፊልምና ፎቶ በፍላሽ ማመላለስ ይብቃችሁ። ራውተርም ፓኬጅም አያስፈልግም፤ አንድ የኔትወርክ ኬብል በቂ ነው።

ኬብሉን በሁለቱም ላይ ሰኩት። ከኮንትሮል ፓነል ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር ገብታችሁ ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስን ንኩ። ሎካል ኤርያ ኮኔክሽን ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4። ለአንዱ 192.168.0.1፣ ለሌላው 192.168.0.2 ስጡ። ሰብኔት ማስክ የሁለቱም 255.255.255.0 ነው። ጌትዌይ ባዶ ይቅር።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ጌትዌይ ስለሌለ ዊንዶውስ "አንአይደንቲፋይድ ኔትወርክ" ይልና እንደ ፐብሊክ ቆጥሮ ፋይል ማጋራቱን ይዘጋዋል። እኛም መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥረን በከንቱ ቀይረናል! መፍትሄው አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፐብሊክ በሚለው ስር ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን ማብራት ነው። ከዛ ፎልደሩን ሼር አድርጉና በሌላኛው ኮምፒውተር ራን ላይ ሁለት ባክስላሽ አስቀድማችሁ ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር አይፒ ጻፉ።

ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ የሚፈልገው ፎልደሩ ያለበትን ኮምፒውተር አካውንት ነው። አካውንቱ ፓስወርድ ከሌለው አያስገባም፤ ጥበቃውን ከማጥፋት ፓስወርድ አውጡለት።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ካፌ ዋይፋይ ከመጠቀማችሁ በፊት ያበራችሁትን ሼሪንግ መልሳችሁ አጥፉት። ማይክሮሶፍት ለተራው ተጠቃሚ የዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ ነው። በ2017 የሰውን ፋይል ቆልፎ ብር የጠየቀው ዋናክራይም የገባው በዚሁ በዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ ነበር፤ በብዛት የተጠቁትም ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ናቸው።