ጢስ ዓባይን ለልጆቻችን እንንገር

በቤር ሸቫ የምንኖር ወገኖች ልጆቻችንን ዔን ዓቭዳት ስንወስዳቸው፣ በኔጌቭ በረሃ መካከል ከዓለት የሚወርደውን ውኃ አይተው ይደሰታሉ። እኛ ደግሞ ጢስ ዓባይን እናስታውሳለን።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ በክረምት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ስሙንም ያገኘው እንደ ጢስ ከሚነሣው የውኃ ብናኝ ነው። በአቅራቢያው ያለው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ፏፏቴውን አይቶ ጽፎለታል።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶ ውኃው ከፏፏቴው በላይ በመጠለፉ ጢሱ ሳሳ። በ2010 ሥራ የጀመረው የበለስ ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከጣና ሐይቅ ነው። ስለዚህ በበጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ቀጭን ውኃና ባዶ ገደል ነው።

አገር ቤት ለመሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ወሩም ነሐሴ ወይም መስከረም ቢሆን ይመረጣል። መሄድ ለማንችል ግን ፏፏቴውን በሙላቱ ያዩ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። ዛሬ ነገ ሳንል ልጆቻችንን ከአጠገባቸው እናስቀምጥ።