የሚላላ ንዝረትና የፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታሎች የፌዝ ሽግግር

የሚላላ ንዝረት፣ በፊዚክስ ባለሙያዎች አጠራር ሶፍት ሞድ፣ የአንድ ክሪስታል ሙቀት ወደ ፌዝ ሽግግር ነጥቡ በቀረበ ቁጥር ድግግሞሹ እየወረደ የሚሄድ የአተሞች የጋራ ንዝረት ነው። ስሙ በብዛት የሚነሣው ከፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታሎች ጋር ነው። እነዚህ ክሪስታሎች የውጭ ኤሌክትሪክ መስክ ሳይኖር በራሳቸው ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የአዎንታዊና የአሉታዊ ቻርጆች መነጣጠል፣ ይይዛሉ፤ የፖላራይዜሽኑንም አቅጣጫ በመስክ መገልበጥ ይቻላል። አብዛኞቹ ግን ይህ ጠባይ የሚኖራቸው ኩሪ ነጥብ ከሚባለው የሙቀት ወሰን በታች ብቻ ነው።

ፌሮኤሌክትሪክነት መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ፣ ጆሴፍ ቫላሴክ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮሼል ጨው በተባለ ክሪስታል ላይ ባደረገው ጥናት ነው። የሮሼል ጨው አሠራር ውስብስብ በመሆኑ ለቲዮሪ አልተመቸም። ነገሩ የቀለለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባሪየም ታይታኔት ሲገኝ ነው። ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የዚህ ክሪስታል መሠረታዊ ክፍል ኩብ ነው፦ ባሪየም ከማዕዘኖቹ፣ ታይታኒየም ከመሃል፣ ኦክስጅን ከገጾቹ መሃል። ከዚያ በታች ታይታኒየሙ ወደ አንድ ወገን፣ ኦክስጅኖቹ ወደ ሌላው ፈቀቅ ይላሉ። ኩቡ በጎኑ 4 አንግስትሮም ያህል ሲሆን መፈናቀሉ የአንድ አንግስትሮም አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ባሪየም ታይታኔትን ለካፓሲተር ኢንዱስትሪ ጠቃሚ ያደረገው ከዚህች ኢምንት ፈቀቅታ ጋር የተያያዘ ጠባይ ነው።

ኩቡ ባልተዛባበት ሙቀት ታይታኒየሙና ኦክስጅኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወዛወዛሉ። በዚህ ንዝረት ላይ ሁለት ኃይሎች ይፋለማሉ። የጎረቤት አተሞች መገፋፋት ታይታኒየሙን ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ከሩቅ ያሉት አዮኖች የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ ይበልጥ ከመሃል ያርቀዋል። ሁለቱ ሊተካከሉ ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ ሚዛኑን ወደ መላሹ ኃይል የሚያደላው የሌሎቹ ንዝረቶች የሙቀት ትርምስ ነው። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ትርምሱ ይቀንሳል፤ የክራር ጅማት ሲላላ ድምፁ እንደሚወፍር የንዝረቱም ድግግሞሽ ይወርዳል። የድግግሞሹ ስኩዌር ዜሮ ሲደርስ መላሽ ኃይል የለም፣ አተሞቹም በተፈናቀሉበት ይቀራሉ። ከሽግግሩ በላይ ንዝረት የነበረው ከሽግግሩ በታች ቋሚ ፖላራይዜሽን ሆነ ማለት ነው።

ሐሳቡ ቀዳሚዎች ነበሩት። ራማንና ኔዱንጋዲ እ.ኤ.አ. በ1940 ኳርትዝ ወደ 573 ዲግሪ ሽግግሩ ሲጠጋ የሚላላ ንዝረት አይተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሊዳን፣ ሳክስና ቴለር የዳይኤሌክትሪክ ቋሚን (ክሪስታሉ ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠውን ምላሽ መለኪያ) ከላቲስ፣ ማለትም ከአተሞቹ ሥርዓታዊ ድርድር፣ ንዝረቶች ድግግሞሽ ጋር የሚያስተሳስር ቀመር አወጡ፤ በቀመሩ መሠረት ቋሚው ወደ ላይ ሲተኮስ የአግድመታዊው ኦፕቲካዊ ንዝረት ድግግሞሽ መውደቅ አለበት። የፌሮኤሌክትሪክ ክሪስታሎች ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ በኩሪ ነጥብ አጠገብ እንደሚተኮስ ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። እነዚህን ሁለቱን አጋጥመው ሙሉ ቲዮሪ ያደረጉት፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ዊልያም ኮክራን (እ.ኤ.አ. 1959) እና ፊሊፕ አንደርሰን ናቸው።

ማረጋገጫው እ.ኤ.አ. በ1962 ከካናዳው ቾክ ሪቨር መጣ። ሮጀር ካውሊ በኒውትሮን ጨረር የስትሮንሺየም ታይታኔትን ንዝረት ለክቶ ድግግሞሹ ከሙቀቱ ጋር አብሮ እንደሚወርድ አሳየ። የሚገርመው ግን ይህ ክሪስታል በተለመደው ይዘቱ ፌሮኤሌክትሪክ አይሆንም። ንዝረቱ እየላላ ወርዶ ዜሮ ሳይደርስ ይቆማል፤ አተሞች በፍጹም ዜሮ ሙቀት እንኳ የማይተዉት የኳንተም እንቅስቃሴ መፈናቀሉን ይከለክላል። ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው ከ20,000 በላይ ቢደርስም ሽግግሩ አይመጣም። ሙለርና ቡርካርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ሁኔታ ኳንተም ፓራኤሌክትሪክ አሉት። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የኦክስጅን 16ን ቦታ ከበድ ላለው ለኦክስጅን 18 ሲሰጡት ክሪስታሉ በ23 ኬልቪን አካባቢ ፌሮኤሌክትሪክ ሆነ፤ የከበደ አተም የኳንተም እንቅስቃሴው ያንሳልና። ስትሮንሺየም ታይታኔት በ105 ኬልቪን የሚያደርገው ሌላ ሽግግርም አለ፤ እሱም በሚላላ ንዝረት የሚመራ ነው፣ ነገር ግን እዚያ የሚላላው ኦክስጅኖቹ የሚሠሩት ባለ ስምንት ገጽ ቅርጽ ሽክርክር ስለሆነ ፖላራይዜሽን አያመጣም።

በባሪየም ታይታኔት ላይ ግን ቲዮሪው ይቸገራል። ንዝረቱ እጅግ የታፈነ ከመሆኑ የተነሣ ጥርት ያለ ድግግሞሽ ለመስጠት ያስቸግራል፤ ሽግግሩም ድንገተኛ ነው። ኮሜስ፣ ላምበርትና ጊኒዬ እ.ኤ.አ. በ1968 በኤክስሬይ ያዩት ብትን ጨረር ታይታኒየሙ በኩቡ ፌዝ ውስጥም ቢሆን ከትክክለኛው መሃል እንደሚርቅ፣ በስምንቱ ሰያፍ አቅጣጫዎችም እንደሚቀያየር ያመለክታል። እንዲህ ከሆነ ሽግግሩ በከፊል አዲስ መፈናቀል ሳይሆን የተበተኑ መፈናቀሎች መስመር መያዝ ነው። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱም ሂደቶች አብረው እንዳሉ ይቀበላሉ። ስለዚህ ባሪየም ታይታኔትን የሚላላ ንዝረት ንጹሕ ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርብ መማሪያ መጽሐፍ ተማሪውን ያሳስታል፤ በ490 ዲግሪ ገደማ የሚሸጋገረው ሊድ ታይታኔት ለዚህ ቦታ ይሻላል።