ሁለቱ ሸክላዎች

በአማርኛችን ከአፈር ተቦክቶ የሚሠራው ዕቃም የዘፈኑ ዲስክም «ሸክላ» ይባላሉ። በፋሺስት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ በተዛወረው ገበያ፣ በመርካቶ፣ ሁለቱም የተሸመቱት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ወዳጅ ሲመጣ ቤት እንዲሞቅ። የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለች፣ አዝማሪውም እየተናቀ፣ የደስታችን ምንጭ ግን እነርሱ ነበሩ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። በእነዚያው ዓመታት ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የዘፈኑ ሸክላ የባለቤቱን ስም በግንባሩ ይዞ ዘመን ተሻገረ፤ ጀበናው ግን የሠሪዋን ስም አልያዘም። አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ስምን አይመልስም፤ ይህ የታሪክ ጸሐፊውና የኪነት ሰው ዕዳ ነው።