ፈር ቀድዶ ወደ ኋላ መቅረት

በሴሚኮንዳክተር ቺፕ ላይ ረቂቅ መስመሮች የሚታተሙት ሊቶግራፊ በተባለው ዘዴ፣ በብርሃን ነው። መስመሩ እጅግ ሲቀጥን፣ 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ነባሩ ብርሃን አንዱን ንድፍ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማተምን ያስገድዳል፤ የ13.5 ናኖሜትሩ ብርሃን ድግግሞሹን ይቀንሳል። ሆኖም ይህ ብርሃን በአየር ስለሚዋጥ መሣሪያው አየር አልባ ክፍል ይሻል፤ የብርሃን ምንጩም ለብዙ ዓመታት ደካማ ነበር።

የአሜሪካው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1997 የምርምር ኅብረት አስተባበረ፤ በ2012ም የመሣሪያው ሠሪ ከሆነው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. 15 በመቶ አክሲዮን ለመግዛት ተዋዋለ። ነገር ግን አዲሱ ገና አልበሰለም ብሎ በነባሩ ዘዴ ስለጸና የ10 ናኖሜትር ምርቱ ለዓመታት ዘገየ። የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. በ2019 አዲሱን መሣሪያ በብዛት ምርት ላይ ሲያውል፣ ኢንቴል እዚያ የደረሰው በ2023 ነበር።

ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው፤ ሚዛኑ ግን አጋደለ። መሐንዲስ የአዲሱን ጉድለት ሲመረምር የነባሩንም ድካም በዚያው ሚዛን ሊመዝን ይገባዋል።