ከቤተ መንግሥት እስከ በረንዳ፦ የጀነሬተር ታሪክ

በአማርኛ ኤሌክትሪክ እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። «መብራት ሄደ» እንላለን፣ «መብራት መጣ» እንላለን። ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ ግን የለም። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የሰፈሩ ከሆነ ትንሽ እንጽናናለን፤ ቢያንስ ቆጣሪያችን አልተቃጠለም። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ ግቢ የሞተር ድምፅ ይነሳል፣ አንድ መስኮት ይበራል፣ ሰፈሩም ለሁለት ይከፈላል፦ ጀነሬተር ያለውና የሌለው።

ድምፁ የዘመናችን ይመስላል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ታሪክ የጀመረው ግን በእሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1898 አካባቢ ለዳግማዊ ምኒልክ እንደተሰጣቸው የሚነገርለት የመጀመሪያው ጀነሬተር ሥራው ቤተ መንግሥቱን ማብራት ነበር። የጋራ መስመር የለም፣ ደንበኛ የለም፣ ወርሃዊ ሂሳብ የለም። አንድ ሞተርና አንድ ግቢ፣ በቃ። የቀረው ከተማ በኩራዝና በጧፍ ያመሽ ነበር።

በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ዓላማው በአዲስ አበባ የተቋቋሙትን ትናንሽ ፋብሪካዎች ማንቀሳቀስ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን መብራቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ በአቅራቢያው ወዳሉ ዋና ዋና መንገዶችና የሕዝብ ቦታዎች ደረሰ። ሐሳቡ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የአንድ ግቢ ንብረት መሆኑ ቀርቶ በሽቦ የሚካፈሉት ነገር ሆነ። በ1932 አባ ሳሙኤል ተከተለ። በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡም ረጅሙን ስም አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። በ1960 ደግሞ ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ።

ከዋናው መስመር የራቁ ከተሞች ጀነሬተርን አልተሰናበቱም። መብራት ኃይል ራሱ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚያበራላቸው። ሞተሩ ትልቅ ነበር፣ የራሱ ቤትና የራሱ ሠራተኛ ነበረው፣ ሲጠፋም ለሁሉም ነበር የሚጠፋው። ጀነሬተር ነው፣ ግን የጋራ ጀነሬተር።

ሞተሩን እንደገና የግል ያደረገው መጠኑ ማነሱ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ በ1965 ኢ300 የተባለውን አነስተኛ ጀነሬተር ለገበያ አቀረበ፤ አቅሙ 300 ዋት ገደማ ነው። ሳይንሱ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ካሳየው አልራቀም፦ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲሽከረከሩ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አዲሱ ነገር ሞተሩን አንድ ሰው አንስቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ቤንዚን ትሞላለህ፣ ገመዱን ትስባለህ፣ ይነሳል። የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የእኛን 50 ኸርዝ የሚሰጠው ይህ ፍጥነት ነው። ለዚህም ነው አንድ አምፖል ብቻ ቢበራም እንደዚያ የሚጮኸው።

አዲስ አበባ ይህን ጩኸት በደንብ የለመደችው በፈረቃ ዘመን ነው። በ2009 የግድቦች ውኃ ሲጎድል ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። በግንቦት 2019 በጊቤ ሦስት ውኃው ቀንሶ 476 ሜጋ ዋት ሲጎድል ፈረቃው ተመለሰ። ከውኃ የሚያመነጭ አገር ዝናብ ሲቀርበት የሚሆነው ይህ ነው። የሚገርመው ግን የፈረቃው ሰንጠረዥ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ጨለማው አንድ አለመሆኑ ነው።

ጀነሬተር ያለው ቤትም ቢሆን ሁሉ አልሞላለትም። እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ዋት የሚሰጥ ትንሽ ጀነሬተር አምስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጀር ያለ ችግር ይችላል። ፍሪጅ ሲሠራ ብዙ አይበላም፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የብዙ እጥፍ ስለሚስብ ትንሹን ሞተር ያንገዳግደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድስ? ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ በረንዳ ላይ ያለው ሞተር ዜና ያሳያል እንጂ እንጀራ አይጋግርም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን መጥራታችን ትልቁን ሥራውን ይደብቃል። በከተማ ቤት ውስጥ ከአምፖሉ ሁሉ የሚበልጠው ሸክም ምጣዱ ነው፤ ምጣዱ ጋ የምትቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲጠብቅ መብራት ከሄደ ጀነሬተሩ ሳሎኑን ያድናል፣ ማድ ቤቱን አያድንም። ሊጥ ደግሞ ፈረቃ አያውቅም፤ ይሆመጥጣል። ስለዚህ መብራት እኩለ ሌሊት ቢመጣም ተነስቶ መጋገር ነው። የመብራት መቋረጥ ታሪክ ሲጻፍ ሜጋ ዋቱ ይቆጠራል፤ ይህ የሌሊት ሥራ ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ጀነሬተሩ የግል ነው ብንልም ሁለት ነገሮቹ ግን ከአጥር ያልፋሉ። አንዱ ጭሱ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ የሚለውን ምክር ሁላችንም እናውቃለን፤ የቤንዚን ሞተርም ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ያውም በብዛት። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ራስ ያሳምማል፣ ያደነዝዛል፣ ያስተኛል። በረንዳ፣ ጋራዥ፣ ክፍት መስኮት ሥር፣ ሁሉም ለዚህ ጋዝ «ቤት ውስጥ» ናቸው። ቢያንስ ስድስት ሜትር ከቤት ይራቅ፣ የጭስ ማውጫውም ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር።

ሌላው ሽቦው ነው። ብዙ ሰው ጀነሬተሩን በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ያበራል። ይሠራል፣ ችግሩም እሱ ነው። ዋናው ማቋረጫ ካልጠፋ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 15,000 ቮልቱን ወደ ቤታችን ቮልት የሚያወርደው ነው፤ ከታች ሲገባበት ደግሞ 220ውን መልሶ ወደ 15,000 ያወጣዋል። ምሰሶ ላይ የወጣው የጥገና ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው።

በመስከረም 2025 የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመረቀ። የማመንጨት ጥያቄ ትልቅ መልስ አገኘ። በየሰፈሩ ያረጀው መስመርና የተጨናነቀው ትራንስፎርመር ግን የግድቡን ያህል ካሜራ የላቸውም፤ ስለዚህ ጀነሬተሩ ገና ከበረንዳው አልወረደም። ካለህ፣ ካለሽ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ቼንጅ ኦቨር አስገጥሙለት፦ ወይ ከመስመሩ ወይ ከሞተሩ ነው፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገናኙም። እሱ እስኪገጠም ደግሞ ጀነሬተሩን ሶኬት ላይ አትሰኩ፤ ከራሱ ከሞተሩ በሚወጣ ገመድ አምፖልና ስልክ ይበቃል። ምሰሶው ላይ ያለው ሰውዬ የሚመልሰው መብራት የሰፈሩን ሁሉ ነው፣ የምጣዱንም ጭምር።