የሥራ ዘር ስፓኒየል እንደ ቤተሰብ ውሻ በአዲስ አበባ

ስፓኒየል ለአደን ረዳትነት ሲመረጥና ሲራባ የኖረ፣ ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ፣ የማሽተት ችሎታው የላቀ ውሻ ነው። ከዝርያዎቹ በብዛት የሚታወቁት ስፕሪንገርና ኮከር ናቸው። ሁለቱም ከአዳኙ ብዙ ሳይርቁ ቁጥቋጦ ውስጥ እየገቡ እንደ ቆቅና ጅግራ ያሉትን ወፎች ያስነሣሉ፤ ተመቶ የወደቀውንም በጥርሳቸው ሳይጎዱ ይዘው ይመጣሉ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ቀደም ሲል ከአንድ እናት ከተወለዱ ቡችሎች መካከል ትናንሾቹ ኮከር፣ ትላልቆቹ ስፕሪንገር ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 የተመሠረተው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ስፕሪንገርን ራሱን እንደቻለ ዝርያ የተቀበለው በ1902 ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ርባታው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ለቁንጅና ውድድር፣ ሌላው ለመስክ ሥራ እየተመረጠ ሄደ። የሥራ ዘር የሚባለው ሁለተኛው ነው። ሰውነቱ ቀለል ያለ፣ ጠጉሩና ጆሮው አጠር ያለ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ከመልኩ ይልቅ ጠባዩ ላይ ነው፤ አርቢዎቹ ትውልድ በትውልድ የመረጡት ሳይታክት የሚፈልገውን፣ ከሰው ትእዛዝ የሚጠብቀውን፣ ሽታ ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ የሚረሳውን ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያዎች ውስጥ አደንዛዥ ዕፅና ፈንጂ የሚያሸቱት ውሾች ብዙዎቹ ከዚህ ዘር የወጡ ናቸው። ቤተሰብ ሲያሳድገው የሚያስቸግረውም፣ የሚያስደስተውም ይኸው ጠባዩ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አውቶቡስ ተራንና የመርካቶን ዙሪያ በመሰለ ሰፈር፣ ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፤ ማታ የግቢው በር ሲዘጋ ይለቀቃል። የሀበሻ ውሻ የሚባለው የአገሬው ውሻ ይህን ኑሮ ለምዶታል። ከውጭ ዝርያዎች ጀርመን ሼፐርድ በዋናነት የሚፈለገውም ለዚሁ ለጥበቃ ነው። ከሰው ጋር ቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ብርቅ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጎናቸው የማይለዩዋት ሉሉ የምትባል ቺዋዋ እንደነበረቻቸው ቢታወቅም፣ ይህ ልማድ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝቡ አልወረደም።

ስፓኒየል ለጥበቃ አይሆንም። እንግዳ ሲመጣ ሊጮህ ይችላል፤ ወዲያው ግን ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ሌባን ለማስፈራት ታስቦ የተገዛ ስፓኒየል ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ የተጠበቀበትን አይሠራም፣ የሚችለውን ሥራም አያገኝም። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ከዋለ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ያገኘውን ጫማና ልብስ ይበጣጥሳል፣ አንዳንዴም ባለበት እየተሽከረከረ የራሱን ጅራት ያሳድዳል። ጎረቤት ይህን እንደ ክፋት ሊቆጥረው ይችላል። የበሽታው ስም ግን ሥራ ፈትነት ነው።

ለአንድ ጤናማና ለአካለ መጠን ለደረሰ የሥራ ዘር ስፓኒየል በቀን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የክፍለ ሀገር አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ሲንቀሳቀሱ፣ ተሳፋሪውና ሻንጣ ተሸካሚው መንገዱን ሲሞላው ውሻን ፈትቶ መልቀቅ አይታሰብም። ነገር ግን ይህ ውሻ ከእግሩ ይልቅ በአፍንጫው ይደክማል። የታወቀ ጨርቅ ወይም ኳስ ግቢ ውስጥ ደብቆ እንዲፈልግ ማድረግ፣ በየቀኑ መደበቂያውን እያከበዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ማሠራት፣ ሜዳ ላይ የሚያደክም ሩጫ ቀርቶበትም የሚያረጋጋው ልምምድ ነው። ለጋራ ግቢ ነዋሪ ትልቁ መፍትሔ ይህ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ልጆችም ሊያሠሩት ይችላሉ። እንጦጦ ዳገት ድረስ መውሰድ የሚችል ሰው ደግሞ ከመሸ እንዳያቆየው ማወቅ አለበት፤ የከተማዋ ዳር ጅብ ውሻን ይበላል።

ጎረቤትም አብሮ የሚመዘን ጉዳይ ነው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በተቀራረቡበት አካባቢ፣ ክርስቲያኑ ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይጠነቀቃል። ብዙው ሙስሊም በሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ፈለግ) ደግሞ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ለአደን፣ ለእረኝነትና ለጥበቃ ውሻ መያዝ ግን በእስልምና የተፈቀደ ነው። ስፓኒየል ሰው ላይ እየዘለለ መላስ ይወዳል፤ ስለዚህ በጋራ ግቢ ከቡችላነቱ ጀምሮ አራት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ሰላም ማለትን መማሩ ለጎረቤት አክብሮት ነው።

ከጤና አንጻር ከሁሉ የሚቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመት ሰው የሚገድለው ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው፤ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም በአብዛኛው ውሻ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይቀጥላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ጤናማ መስሎ ከታየ አይገደልም፤ ለ10 ቀን ተይዞ ይታያል። ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ የላቦራቶሪ ምርመራ ያካሂዳል።

ሁለተኛው አደጋ ከበዓል እርድ ጋር ይመጣል። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል የተለመደ ነው። ያ ውኃ የቋጠረው እብጠት የአንድ ትል እጭ የያዘ ከረጢት ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚወጣው ከረጢት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ልጆች የሚያቅፉት ውሻ ባለበት ቤት ጥሬ ሆድ ዕቃ ጨርሶ መሰጠት የለበትም፤ የተበላሸው ሳንባ በጥልቅ ይቀበር፣ ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ።

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማጥፋት በከተማዋ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ በመሆኑ፣ መሬት ለመሬት እያሸተተ ያገኘውን የሚቀምስ ውሻ ያለ ማሰሪያ ጎዳና ላይ መልቀቅ ለሞት ማጋለጥ ነው። በክረምት የተንጠለጠለው ጆሮ እርጥበት ይዞ በቀላሉ ይቆስላል፤ ክረምቱ ሲያበቃ ደግሞ ጭጎጎት ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጆሮውንና የጣቶቹን መሐል ማየት፣ መዥገር ቢገኝ መንቀል ያስፈልጋል።

ቡችላ የሚመርጥ ሰው እናቲቱን ማየት አለበት፤ ፈሪ ወይም ተናካሽ እናት ስለ ልጆቿ ብዙ ትናገራለች። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጥ ቡችላ ስፓኒየል ነው ቢባልም የዘሩ ማስረጃ አይኖረውም፣ ብዙ ጊዜም ሳይደርስ ከእናቱ የተለየ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው መውሰድ አይገባም። ከሦስተኛ እስከ አሥራ አራተኛ ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ የሕፃናት ጩኸት፣ የሰው ግፊያ በዚያ ዕድሜው ቀስ በቀስ ካልተለማመደው በኋላ ይደነግጥበታል። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ለወላጆቹ የዘረ መል ምርመራ መደረጉን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ኮከር ላይ ለዕውርነት የሚዳርግ የዓይን በሽታና በልጅነት የሚገድል የኩላሊት በሽታ በዘር ይተላለፋሉ፣ ሁለቱም በምርመራ ይታወቃሉ።

ከልጆች ጋር ስፓኒየል ገር ነው። ሆኖም ሲበላ ወይም አጥንት ይዞ ሳለ የሚቀርበው ላይ የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ትንሽ ልጅና ውሻ ያለ አዋቂ ብቻቸውን አይተዉም።

ስፓኒየል ከ12 እስከ 14 ዓመት ይኖራል። የራሱ ግቢ ያለው ወይም አከራዩን አስፈቅዶ የተረጋጋ፣ ጠዋትና ማታ ውሻውን የሚያወጣና የሚያሠራ ሰው ያለበት ቤተሰብ ከዚህ ዘር የተሻለ ወዳጅ ለማግኘት ይቸገራል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ላይ የሚውል፣ ማታ ብቻ የሚነቃ ጠባቂ የሚፈልግ ቤተሰብ ግን የሀበሻ ውሻ ወስዶ በሚገባ ቢያስከትብ ይሻለዋል።