ፈረቃን ያመጣው ዝናቡ ብቻ ነውን?

የአዲስ አበባው ሰፈር ለቡ መብራት ኃይል ስሙን የወሰደው ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ የቀድሞ መጠሪያ ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን እስከዛሬ «መብራት ኃይል» ነው የሚለው፤ መብራት ሲሄድ የሚወቅሰውም እሱኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ፈረቃ ሲመጣ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፦ ዝናቡ አነሰ፣ ግድቡ ጎደለ። እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው።

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፈረቃ ስትጨልም፣ ሊደርስላት ይገባ የነበረው የግልገል ጊቤ 2 የውኃ ኃይል ማመንጫ ገና አላለቀም ነበር። 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የውኃ ዋሻው ሲቆፈር መሬቱ አስቸግሮ ሥራው ለዓመታት ዘገየ። ጥር 2002 ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ተደርምሶ ማመንጨቱን አቆመ። ይህን ያደረገው ዝናብ አይደለም። ቆቃም ሌላ ምስክር ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ ከማጠራቀሚያው ቀላል የማይባል ክፍል በደለል አጥቷል፤ ደለሉ የመጣው ደግሞ በላዩ ከሚታረሰውና ከተራቆተው መሬት ነው።

«በ2011ስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በእርግጥም ቀንሶ ነበር፤ መንግሥት 476 ሜጋዋት መጉደሉን ገልጾ ፈረቃ አወጀ፣ ለሱዳን የሚሸጠውን አቋረጠ፣ ለጅቡቲ የሚልከውንም በግማሽ ቀነሰ። ነገር ግን 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጭ አንድ ጣቢያ ሲደክም አገር የሚጨልመው ከኃይሉ ከዘጠና በመቶ በላዩ ከውኃ ስለሚገኝ ነው። ነፋስ በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ወራት ይበረታል፤ ሆኖም የነፋስ ማመንጫዎቹ አዳማ 1፣ አሸጎዳና አዳማ 2 ተደምረው 324 ሜጋዋት ብቻ ነበሩ። ዝናብ መቅረቱ ያልታሰበ ነገር አልነበረም፤ ድርቅ በዚህች አገር ታሪክ ደጋግሞ የመጣ እንግዳ ነው። የጎደለው መጠባበቂያው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃም አንድ ክፉ ዓመት ያሻግራል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እሱም ግን ውኃ ነው፤ ያረጀ መስመርና የተጨናነቀ ትራንስፎርመርም በግድብ አይጠገንም። ከእንግዲህ ለቡ ላይ ፈረቃ ቢመለስ፣ ተጠያቂው ክረምቱ ሳይሆን ዕቅድ አውጪው ነው።